ሦስት ሰዓት ላይ ዓሣ ነባሪ፦ ከእማዬ ጋር ሃዋይን በመርከብ ስንዞር

ሃዋይ የሄድነው ለዓሣ ነባሪ ብለን ነው። ቢያንስ እኔ። ታናሽ ወንድሜ እሳተ ገሞራ ለማየት ነው የመጣው። እማዬ ደግሞ «እናንተ ከሄዳችሁ እኔ ብቻዬን ምን እሠራለሁ?» ብላ። ባሕር ላይ አድራ አታውቅም። ዋና አትችልም። ከመነሳታችን በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል «መርከቡ ቢሰምጥስ?» ስትል ከረመች። ከሦስታችን ብዙ ዓሣ ነባሪ ያየችው ግን እሷ ናት። እንዴት እንደሆነ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ እናንተ እንዳትደግሙት እኛ የከሰርነውን ልናገር።

የሄድነው ፌብሯሪ ላይ ነው። እሱ ላይ አልተሳሳትንም። ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ሰሜኑ ሞቅ በሚልበት ወራት አላስካ ባሕር ላይ ጠግበው ይበላሉ። ብርዱ ሲመጣ ወደ ሃዋይ ይወርዳሉ። መንገዱ ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሚመጡት ለመዳራትና ለመውለድ ነው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ትልልቆቹ ምግብ የሚባል አይቀምሱም። የወለደችውም ሳትበላ ነው ልጇን የምታጠባው። ይህን ለእማዬ ስነግራት አፏን ያዘች። «አራስ ሆና? ምንም ሳትቀምስ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ ነባሪዎቹን «አራሶቹ» ነው የምትላቸው።

ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ድረስ ይገኛሉ። በብዛት የሚታዩት ግን ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። ጁላይ ላይ ዕረፍት ወስዳችሁ ሃምፕባክ አያለሁ ብላችሁ ከሄዳችሁ ባዶ ባሕር ነው የሚጠብቃችሁ። አንድ ወዳጄ እንደዚያ ሆኖ ተመልሷል። ዶልፊን አይቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሄደው ለዶልፊን አልነበረም።

መርከብ ስትመርጡ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የያዙ መርከቦች መንገደኛን ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ብቻ እንዳያመላልሱ ይከለክላል። አብዛኞቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ በውጭ አገር የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ ከካሊፎርኒያ ተነስተው ሃዋይ ደርሰው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ሜክሲኮ ውስጥ ኤንሴናዳ ጎራ ይላሉ። ለናንተ ትርጉሙ ምንድን ነው? ከካሊፎርኒያ ከተነሳችሁ ለመሄድ አራት አምስት ቀን፣ ለመመለስም እንደዚያው ውኃ ብቻ እያያችሁ ትጓዛላችሁ። አንዳንዱ ሰው ያንን ይወደዋል። እኛ ግን እስከ ሆኖሉሉ በአውሮፕላን ሄደን፣ ከዚያ ሰባት ሌሊት ደሴቶቹን ብቻ የሚዞር መርከብ ያዝን። በየቀኑ ማለት ይቻላል መሬት እንረግጣለን። እማዬን ይዞ አምስት ቀን ባሕር ላይ መክረም አይታሰብም ነበር።

አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ ቆሞ አይጠብቅም። እኛ ያቺን ቀን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የደበደበችው የጦር ወደብ፣ ፐርል ሃርበር ላይ ዋልን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በሰመጠችው አሪዞና የጦር መርከብ ላይ ብቻ 1,177 ሰው ሞቷል። መርከቧ አሁንም እዚያው ውኃው ውስጥ ናት። ነዳጇ እስከ ዛሬ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውኃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ሲያብረቀርቅ ይታያል። መግቢያው ነፃ ነው። ወደ መታሰቢያው የምትወስደውን ጀልባ በኢንተርኔት ስትይዙ ግን ለአንድ ሰው 1 ዶላር ይከፈላል። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የእጅ ቦርሳም ቢሆን። እማዬ ቦርሳዋን ለማስቀመጫው ሰዎች ስትሰጥ ፊቷን ብታዩት ልጇን የምታስረክብ ነበር የምትመስለው።

አሁን ወደ ስህተቱ።

መርከባችን ማዊ ደሴት ላይ ካሁሉይ ወደብ ሁለት ቀን ነው የቆመው። ዓሣ ነባሪ ለማየት ከማዊ የሚሻል ቦታ ጥቂት ነው። በማዊ፣ በላናይና በሞሎካይ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ደሴቶቹ ከነፋስ ይከልሉታል፤ ስለዚህ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። አንብቤም ግን የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አድርጌ ሞላሁት፦ ጠዋት ሃሌአካላ ተራራ፣ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ነባሪ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

ሃሌአካላ 3,055 ሜትር ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስታችሁ በአንድ ቀን ጠዋት እዚያ ድረስ በመኪና ትወጣላችሁ። መንገዱ እባብ ነው። ላዩ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሃዋይ ነው ብለን በነጠላ ጫማ ወጥተን እየተንቀጠቀጥን ወረድን። ውበቱ ልክ የለውም፤ ቀይ አሸዋማ ኮረብታዎች፣ ከእግራችሁ በታች ደመና። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ግን አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው። ጠዋት ወደብ ለሚደርስ መርከብ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አይሆንም። እኛ ዘግይተን ነው የሄድነው።

ከተራራው ስንወርድ እማዬ ገና ከጥምዝምዙ አላገገመችም። በቀጥታ ጀልባ ላይ አሳፈርናት። ስምንት ሰዓት ሆኗል። እዚያ አገር ነፋሱ ጠዋት ተኝቶ ይቆይና እኩለ ቀን ሲቃረብ ይነሳል። በተለይ ጀልባዎቹ የሚነሱበት ማአላያ የሚባለው ወደብ በነፋሱ የታወቀ ነው። ባሕሩ በሙሉ ነጭ አረፋ ለብሷል። የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ከሩቅ ሲታይ ነጭ ጭስ ነው የሚመስለው። ባሕሩ ራሱ ነጭ ከሆነ ምኑን ከምኑ ትለያላችሁ?

ጀልባዋ ትልቅ ናት፤ ከመቶ ሰው በላይ ይዛለች። አንድ ሰው «ያውና!» ባለ ቁጥር ሕዝቡ በሙሉ ወደዚያ ይጎርፋል። የኔ ቢጤ አጭር ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያየነው ከሩቅ ሁለት ጥቁር ጀርባ ብቻ። እማዬ ያንንም አላየችም። ወረቀት ከረጢት ውስጥ ነበር ፊቷ። የባሕር ማቅለሽለሽ መከላከያውን እንክብል የሰጠናት ካጥወለወላት በኋላ ነው። ያኔ ምንም አልጠቀማትም። ከመሳፈር አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ነው መዋጥ ያለበት። የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ ከመጓዛችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። እኛ ይህንንም የጠየቅነው ዘግይተን፣ በስልክ ነው።

ማታ ክፍላችን ገብተን ማንም አላወራም። መጨረሻ ላይ እማዬ «ነገ ደግመን እንሂድ» አለች። ተያየን። «እማዬ፣ ያመሻል እኮ!» አልኳት። «የከፈልሽውን አውቃለሁ። ሳላያት አልመለስም፣ አራሷን» አለች።

በማግስቱ ሁሉን ነገር ገለበጥነው። ሌላ ነገር አልያዝንም። ጠዋት አንድ ሰዓት የምትነሳ፣ ሃያ ምናምን ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ ጀልባ አገኘን። በመርከቡ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከጀልባዋ ባለቤቶች ነው የያዝነው፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ይህን ስታደርጉ ግን አንድ ነገር አስቡ። በመርከቡ በኩል የያዛችሁት ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ከሄዳችሁ ዕዳው የራሳችሁ ነው። እኛ ያን ቀን ብዙ ሰዓት ስለነበረን ደፈርን። ከካሁሉይ ወደ ማአላያ በመኪና ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። የቆዩ የጉዞ ምክሮች ላሃይና ሂዱ ይሏችኋል። ላሃይና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከቦች የሚያርፉባት ከተማ ነበረች። ኦገስት 2023 በተነሳው እሳት ግን አብዛኛው ክፍሏ ወድሟል። ጀልባችሁ ከየት ወደብ እንደምትነሳ አረጋግጡ።

እማዬ እንክብሏን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋጠች። ቁርስ ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ብቻ። ጀልባዋ ላይ መሃል አካባቢ፣ ከወለሉ ብዙ ሳትርቅ አስቀመጥናት። ዓይኗን አድማስ ላይ እንድትተክል ነገርናት። ስልክ ማየት የለም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ጸጥ ብሏል።

ካፒቴኗ ወጣት ሴት ናት። ከመነሳታችን በፊት ደንቡን አስረዳችን። ሃዋይ ውስጥ ጀልባም ሆነ ዋናተኛ ወደ ሃምፕባክ ከ90 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይጠጋ ሕግ ይከለክላል። ዓሣ ነባሪው ራሱ ከመጣ ሞተሩን አሳርፎ ቆሞ መጠበቅ ነው። ስለዚህ «አጠገባቸው እናደርሳችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሽሹት። ቀጥሎ አቅጣጫ እንዴት እንደምትጠራ ነገረችን። ጀልባዋን እንደ ሰዓት አስቧት። አፍንጫዋ አሥራ ሁለት፣ ቀኟ ሦስት፣ ኋላዋ ስድስት፣ ግራዋ ዘጠኝ።

የእማዬ አስተርጓሚ ወንድሜ ነው። እሱ ደግሞ ሲተረጉም ማሳጠር ይወዳል። «እማዬ፣ ጀልባዋ ሰዓት ናት። የላይኛው ቁጥር ከፊት ነው። የምትጠራውን ሰዓት እነግርሻለሁ፤ ወደዚያ እይ» አላት። በቃ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ካፒቴኗ «ሦስት ሰዓት!» ብላ ጮኸች። ወንድሜ «ሦስት ሰዓት፣ እማዬ!» አለ። ሁላችንም ወደ ቀኝ ዞርን። እማዬ ወደ ግራ ዞረች።

ገባችሁ? በኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሲሆን ትንሿ ዘንግ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ናት። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየች፣ አሰላች፣ በትክክል ወደ ግራ ተመለከተች። ስሌቷ ምንም ስህተት የለበትም።

በቀኝ በኩል የነበረው ዓሣ ነባሪ ጠልቆ ነበር። ውኃው ላይ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ክብ ብቻ ትቶ ሄዷል። ጅራቱ ሲቀዝፍ ውኃውን ወደ ላይ እየገፋው የሚፈጠር ምልክት ነው፤ አሻራ ይሉታል። ሁላችንም ያንን እያየን ቆመናል። ከኋላዬ እማዬ «ልጄ፣ እዚህ የሚተነፍስ ነገር አለ» ትለኛለች። «ቆይ እማዬ» እላታለሁ። «አንቺ ልጅ፣ የሚተነፍስ ነገር አለ እኮ ነው የምልሽ!»

ስዞር ምንም የለም። ለካፒቴኗ ነገርኳት። «ትንፋሹ ትልቅ ነው ትንሽ?» ብላ ጠየቀች። እማዬ በእጇ አሳየች፤ የጉልበቷ ቁመት ያህል። ካፒቴኗ ወዲያው ሞተሩን አሳረፈች። ትንሽ ትንፋሽ ልጅ ነው አለችን። ልጅ አየር ለመሳብ በየሦስት አምስት ደቂቃው ይወጣል። እናት ግን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከታች መቆየት ትችላለች። ስለዚህ ትንሽ ትንፋሽ ካያችሁ አትሂዱ፣ እናቲቱ ከሥሩ ናት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚዘለውን እያሳደደ ይሮጣል። ቆሞ የጠበቀ ነው የሚያየው።

ጠበቅን። ልጁ ወጣ፣ ገባ። እንደገና ወጣ። ሲወለዱ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር ይሆናሉ፤ ክብደታቸው አንድ ቶን አካባቢ። እኛ ያየነው ጀርባው ላይ ያለችው ክንፉ ገና ወደ አንድ ጎን ተጣጥፋለች። አዲስ የተወለደ ሲሆን እንደዚያ ነው አሉን። ሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ አብሮት አንድ ሰፊ ጥቁር ነገር መነሳት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ። መጀመሪያ ደሴት ብቅ የሚል ነው የመሰለኝ። ከዚያ ተነፈሰች።

ያን ድምፅ በቪዲዮ አይታችሁ አትረዱትም። የአውቶቡስ ጎማ ድንገት ሲተነፍስ አስቡ፣ ግን ውስጡ ጥልቀት ያለው፣ ደረት ላይ የሚሰማ። ነፋሱ ጉሙን ወደኛ አመጣው። ፊታችን ረጠበ። ሽታውን ልደብቃችሁ አልችልም፤ የከረመ ዓሣ ነው። ወንድሜ አፍንጫውን ያዘ። እማዬ አልያዘችም። ቆማ ነበር፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። የደረቀ ነጭ ቅርፊት የተለጣጠፈበት አገጭ አየን። ከዚያ ክንፏን ወደ ጎን ዘረጋች። ሃምፕባክ ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ክንፍ ነው፤ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ይደርሳል። ከሥሩ ነጭ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሲሆን አረንጓዴ ያበራል። ልጁ ወጥቶ ክንፏ ላይ ተንከባለለ። አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን አሳየን።

«አስቸገራት» አለች እማዬ። «ወንድ ነው መሰለኝ።»

ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ አብረን ቆየን። እኔ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ በስልኬ ቀረጽኩ። በኋላ ሳየው ውኃ፣ የሰው ክርን፣ እንደገና ውኃ። ወንድሜ ሁለት መቶ ፎቶ አንስቷል፤ የሚረባው አራት ነው። ከአራቱ አንዱ ግን የእናቲቱ ጅራት ነው፣ ከውኃው ተነስቶ ሊጠልቅ ሲል። ጅራት ከፍ ካለ በጥልቀት ልትወርድ ነው ማለት ነው። ያኔ ካሜራችሁን አስቀምጣችሁ ውኃችሁን ጠጡ፤ አሥር ደቂቃ አላችሁ። የጅራቱ ሥር ያለው ነጭና ጥቁር ቅርጽ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሁለት ዓሣ ነባሪ አይመሳሰልም። ፎቶውን ሃፒዌል በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ያቺው ዓሣ ነባሪ ከዚያ በፊት የት እንደታየች ሊነግራችሁ ይችላል። ወንድሜ አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ኢሜይሉን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ።

ከመመለሳችን በፊት ካፒቴኗ በገመድ የታሰረ ማይክሮፎን ውኃ ውስጥ ጣለች። የሚዘፍኑት ወንዶቹ ናቸው። አንዱ ዘፈን አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ባሕር ያሉ ወንዶች በአንድ ወቅት የሚዘፍኑት ተመሳሳይ ዘፈን ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ ይለዋወጣል። የሰማነው በር ሲንቋረር፣ ላም ስትጣራ፣ ከዚያ ድንገት ቀጭን ፉጨት። ጀልባዋ ላይ ሰው በሙሉ ዝም አለ። እነዚህ እንስሳት ሊያልቁ ምንም ያልቀራቸው ጊዜ ነበር። ሰሜን ፓስፊክ ላይ ሃምፕባክን ለንግድ ማደን የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ወደ ሃዋይ የሚመጡት በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር የወጡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016። አሁን በየዓመቱ ወደ 10 ሺህ ገደማ ይመጣሉ ተብሎ ይገመታል።

የቀረውን ጉዞ ባጭሩ ላውራችሁ።

ሂሎ ላይ ዝናብ ነበር። ሂሎ ሁልጊዜ ዝናብ ናት፤ ጃንጥላ ሳትይዙ አትውረዱ። ከዚያ ወደ እሳተ ገሞራው ፓርክ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናችን 30 ዶላር ከፈለች፣ በካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ኪላዌያ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ እየነደደ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየነደደ ነው የሰነበተው። እኛ የደረስነው ሲያርፍ ነው። ጭስ አየን። ወንድሜ ከንፈሩን ጣለ። ከመሄዳችሁ በፊት የአሜሪካ ጂኦሎጂ ተቋም በቀጥታ የሚያሳየውን ካሜራ ተመልከቱ፣ ቢያንስ ተስፋችሁን ታስተካክላላችሁ። ላቫ ፈስሶ የሠራው ዋሻ ግን አለ፤ በውስጡ መሄድ ይቻላል፤ እሱ ካሰው። ስንመለስ በዝናቡ የተነሳ መኪናው ተጨናንቆ መርከቡ ሊዘጋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ከኋላችን ሁለት ሰዎች ሲሮጡ መጡ፤ ላይ ያለው ሕዝብ ያጨበጭብላቸዋል። አሥራ ሁለት ደቂቃ በቂ ይመስላል፤ ከእናት ጋር ሲሆን አይደለም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ትርፍ ያዙ። ስልካችሁ የሚያሳየው ሰዓትና የመርከቡ ሰዓት አንድ መሆኑንም ሁሌም አረጋግጡ።

ኮና ላይ መርከቡ ዳር አይጠጋም፤ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዷችሁ። ማዕበል ካለ መውረዱ ሊሰረዝ ይችላልና ለዚያ ቀን ገንዘብ የማይመለስበት ነገር አትክፈሉ። እኛ ዕድል ቀናን። ዋና ለምትችሉ አንድ ምክር አለኝ። ባሕር ውስጥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ከውኃው በታች አድርጉና ትንፋሻችሁን ያዙ። እኔ ዳር ላይ፣ ሕፃናት በሚዋኙበት ቦታ፣ ያንኑ ዘፈን ሰማሁት። በጣም ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ። ተነስቼ ዙሪያዬን አየሁ፤ ከኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስልም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ስትገዙ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች የሌሉበትን ፈልጉ። ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ይጎዳል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እዚያ እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

ስለ ክፍላችን አንድ ነገር። ባልኮኒ ያለው ክፍል ውድ ነው። ሰው ሁሉ «ክፍል ለመኝታ ነው፣ ለምን ትከፍያለሽ?» ብሎኝ ነበር። እማዬ ግን በጠዋት ትነሳለች። እኛ ስንተኛ እሷ ጋቢዋን ደርባ ባልኮኒው ላይ ቁጭ ብላ ባሕሩን ታያለች። መርከቡ ወደቡ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለው ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ውኃው ሲለሰልስ፣ ትንፋሹ በደንብ የሚለይበት ጊዜ ነው። በየጠዋቱ ቁጥር ትነግረናለች። «ዛሬ አራት።» «ዛሬ ሰባት፣ አንዱ ዘሎ ወጣ።» መጀመሪያ አላመንናትም። አንድ ቀን አብሬያት ተነሳሁ። አምስት ቆጠርን። ገንዘቡ አልቆጨኝም። ባልኮኒ ከሌላችሁ ግን አትዘኑ፤ ከላይ ያለው ክፍት ወለል ሁለቱንም ጎን ያሳያል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ባዶ ነው። ባይኖኩላር ብቻ አትርሱ።

የመጨረሻው ቀን ካዋይ ላይ ነበርን። ዋይሜያ የሚባለውን ሸለቆ አየን። ከገደሉ አፋፍ ላይ ዶሮዎች አሉ፤ ደሴቱ በሙሉ ባለቤት የሌለው ዶሮ ነው። እማዬ «ይህን ሁሉ ዶሮ የሚያርድ ሰው ጠፋ?» አለች። ስምንት ሰዓት ላይ መርከቡ ተነሳና በናፓሊ ዳርቻ በኩል ዞረ። ናፓሊ በመኪና አይደረስበትም። በእግር፣ ከሰማይ ወይም ከባሕር ብቻ ነው የሚታየው። ገደሎቹ 1,200 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሎ የተጣጠፈ ይመስላሉ። በየመሃሉ እንደ ክር የቀጠነ ፏፏቴ። ካፒቴኑ ሁለቱም ጎን ያለው ሰው እንዲያይ መርከቡን ቀስ ብሎ አዞረው። እኛ ላይ ወጥተን ከፊት በኩል ቆመናል። ሺህ ሰው ወደ ገደሉ ዞሮ ፎቶ ያነሳል።

እማዬ ክንዴን ሳበች። ዓይኗ ገደሉ ላይ አይደለም።

«የት ነው?» አልኳት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ወደ ግራ ልዞር ስል አገጬን ይዛ ወደ ቀኝ መለሰችኝ። «በኔ ሰዓት» አለች።